ስለ ዘይቱ፣ ስለ ሽቶውና ቁጭ ስላልንበት ሰልፍ

ለተከበሩ የዕርዳታ ማከፋፈያ ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጆሮዎን ለይቼ የጠየቅሁት አቤት ባልንዎ ቁጥር የሚያምዎት ስለመሰለን ነው። እኛ ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆንነውም ሰልፍ ላይ ነን።

እኔ በመጠለያው ውስጥ ልብስ የምሰፋ ስደተኛ ስሆን፣ ሰዎች "ባለመኪናዋ" ይሉኛል። መኪናዬ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና መሆኑን ልብ ይበሉልኝ፤ አንድ ሠራተኛዎ ቅጽል ስሜን ሰምቶ "መኪና ያላት ሴት ደግሞ ምን ዕርዳታ ያስፈልጋታል?" ብሎ ከተረጂዎች መዝገብ ሊሰርዘኝ ነበርና።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በርዎ ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ ነው። ማከፋፈያው "ለሴቶችና ለልጃገረዶች ፍጹም አስተማማኝ" መሆኑን አብስረው፣ አስተያየት ያለን እንድንሰጥ ጋብዘውናል። ተጋብዤ መቅረት ስለማልወድ እነሆ መጣሁ።

፩ኛ፦ ማከፋፈያውን ከመኖሪያችን አርቀው፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ስለወሰዱልን እናመሰግናለን። ቦታው የተመረጠው ለጭነት መኪኖች መዞሪያ ስለሚመች እንደሆነ ሰምተናል። እኛ ሴቶች ግን ለመዞር ያን ያህል ሰፊ ሜዳ አያስፈልገንም፤ የሚያስፈልገን ከወንዙ ቁጥቋጦ ውስጥ ሰው ብቅ ሲል የምንሮጥበት ቀጥ ያለ መንገድ ነው።

፪ኛ፦ ዱቄቱን እስከ ቅርብ ጊዜ በሃምሳ ኪሎ ጆንያ ሲያድሉን ጉልበታችንን ማክበርዎ እንደነበር ገብቶናል። ጆንያውን ማንሳት ላቃታት ሴት በር ላይ የሚውሉ ተሸካሚዎች ያነሡላት ነበር፤ ዋጋቸውንም ከዱቄቱ ይዘግኑ ነበር፤ ዱቄት የማይፈልገው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቅ ነበር። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ለእርስዎ መጻፉ ነውር ስለሆነብኝ፣ መጠየቁ ነውር ያልሆነበትን ሰው ቢያነጋግሩ ይሻላል።

፫ኛ፦ ስለ ፊሽካው። ፈራን ብለን አቤት ስንል ለእያንዳንዳችን ቢጫ ፊሽካ አደሉን፤ የሚያስቸግረን ሰው ሲመጣ እንድንነፋም ተመከርን። በመጀመሪያው ቀን አንዷ ነፋች፤ ሌላዋ ተከተለች፤ ሰልፉ የኳስ ሜዳ መሰለ። ጥበቃዎችዎ እየሮጡ መጡና አስቸጋሪዎቹን አልፈው ፊሽካዎቹን ለቀሙ። "ሥራ ረበሻችሁ" ተባልን። ጥፋተኛው ሜዳ ላይ ቀርቶ ዳኛው በቀይ ካርድ ሲወጣ ያየነው ያን ዕለት ነው።

ለአራተኛው ቁጥር አልሰጠውም፤ ልጅ ናትና።

የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ በስደቱ መንገድ ታማ ስታርፍብን አደራ ብላ የሰጠችኝ እኔን ነው። ወገቤ ተይዞ በተኛሁበት ቀን ራሽኑን ልትቀበል እሷ ሄደች። ተራ አስከባሪዎን ያውቁታል፤ እኛ ግን "ሽቶው" እንለዋለን፤ እሱ ሳይደርስ ሽታው ይደርሳልና። ልጅቷ ዱቄቷን ተቀብላ ዘይቷን ስትጠይቀው፣ "ያንቺ ዘይት ከመጋዘኑ ጀርባ ነው፤ ብቻሽን ነይና ውሰጂ" አላት። ሞኝ አይደለችም። ዱቄቱንም ጥላ፣ ወንዙን በሩጫ ተሻግራ፣ በአንድ እግር ጫማ ቤት ገባች።

"አክስቴ፣ ዛሬ ዘይት የለም" አለችኝ።

"ዱቄቱስ?" ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነገሩን አፍ አውጥታ እስክትነግረኝ ድረስ፣ እንደምንም ተነሥቼ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቅቶኝ ቆየሁ።

በማግስቱ ወገቤን አስሬ ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ እንዳሉ ነገረችኝ፤ የስብሰባው ርዕስ የሴቶች ደኅንነት ስለነበር ስለ አንዲት ሴት ልጅ ብዬ ማቋረጡ አሳፈረኝ። ስለዚህ ወደ ጎረቤቴ ወደ አዋላጇ ሄድኩ። አዋላጇ የማትገባበት ቤት የለም፤ ሴቶች ለባል የማይነግሩትን ለእሷ ይነግራሉ። እየዞረች ብትጠይቅ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ዘይት ለእኛ ልጅ ብቻ የተቀመጠ አልነበረም። ሮጠው ያላመለጡም ነበሩ።

በተከታዩ የማከፋፈያ ቀን የሆነውን ራስዎ አይተዋል። ሴቶች በሙሉ በሰልፋችን እንዳለን፣ የጭነት መኪኖቹን መግቢያ ዘግተን መሬት ላይ ቁጭ አልን። ሽቶው "ተነሡ!" እያለ ቢጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልነው። እርስዎ ወጥተው "ምን ሆናችሁ ነው?" ሲሉ አዋላጇ፣ "ደክሞን ነው ጌታዬ" አለችዎ። "የበደላችሁ ማን ነው?" ብለው ሲጠይቁ ግን ሁላችንም አቀረቀርን። እኔም ጭምር።

የእህቴ ልጅ ተነሣች። ቀሚሷን ይዤ ላስቀምጣት ብሞክር እጄን አላቀቀችው። "ዘይትሽ ከመጋዘን ጀርባ ነው ያለኝ እሱ ነው" ብላ ሽቶውን በጣቷ አሳየችዎ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። ከኋላ አንዲት ሴት "እኔንም ብሎኛል" አለች፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

እርስዎም በታላቅ ጨዋነት፣ "ይህ በአደባባይ የሚወራ አይደለም፤ ጓዳ ገብተን እንነጋገር" አሉ።

"እኛን ያስቸገረን እኮ ጓዳው ነው፣ ጌታዬ" አለችዎ አዋላጇ። የመኪና ሹፌሮቹ ሳቁ፤ እኛ አልሳቅንም፤ አልተነሣንምም። ፀሐዩ አናታችንን ሲበላው ከዋለ በኋላ ሹፌሮቹ "ጭነቱ ካልተራገፈ ይዘነው እንመለሳለን" ሲሉ፣ ልብዎ ድንገት ራራ።

ብዙም ሳይቆይ ዱቄቱ በትናንሽ ከረጢት መጣ። ዘይቱን በግልጽ ጠረጴዛ ላይ ሴቶች ያድሉት ጀመር፤ የራሳችን ሰልፍም ተሰጠን፤ ሽቶው ከዐይናችን ተሰወረ። ለካ ይህን ያህል ቀላል ኖሯል! ማስታወቂያዎ ለውጡ የመጣው "ጽሕፈት ቤቱ ባካሄደው ጥልቅ ጥናት" መሆኑን ይገልጻል። መሬት ላይ ተቀምጠን ጥናቱን በማገዛችን ኩራት ይሰማናል። ማከፋፈያው ግን ዛሬም ወንዝ ማዶ ነው።

"ፍጹም" ስለምትለዋ ቃል ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የእህቴ ልጅ ከዚያ ወዲህ ማከፋፈያውን አልረገጠችም። ሴቶቹ ጀግና ይሏታል፤ እሷ ቀኑ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ትላለች፤ እኔም አላስገድዳትም። ስለዚህ ያችን ቃል ለጊዜው ያንሡልኝ። ልጅቷ በገዛ እግሯ ሄዳ ዘይቷን ይዛ የተመለሰች ዕለት፣ እኔው ራሴ በትልልቅ ፊደል ጽፌ በርዎ ላይ እለጥፍልዎታለሁ።

ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ስብሰባዎ እንዲያጥርልዎ፣ ከመስኮትዎም አልፎ አልፎ ውጭውን እንዲያዩ እየተመኘሁ፣ ከማይጎድል አክብሮትና ከጎደለ ራሽን ጋር እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ
ባለመኪናዋ

ከፊርማ በኋላ፦ ሽቶው የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶት ወደ ሌላ መጠለያ በተራ አስከባሪነት መዛወሩን ሰማን። የዚያ ሰፈር ሴቶች አዲስ እንግዳ መጣብን ብለው እንዳይደናገጡ፣ አዋላጇ ትናንት በጭነት መኪና ተሳፍራ ቀድማው ሄዳለች። እሱ ሲደርስ ሁሉም ተቀምጠው ይጠብቁታል።