ዋሲሁን ለቅሶ ቤት ለቆጠራ የተቀመጠ ዕለት

አዋሳ፣ ጥር 1999 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ኩማ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ በፊት ጠባቂዎቹ እንደሚያነቡት ስለማውቅ እነሱንም እንዴት ናችሁ ብያለሁ። የዋሲሁን ሚስት ወርቄ ነኝ። ዓይን ለዓይን የተያየነው ሁለት ጊዜ ነው፤ ያውም በጥየቃ ቀን፣ በሽቦ ማዶ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ላይ እየጮኸ። ዋሲሁን ከተፈታ ወዲህ ግን እርስዎም ቤቴ ውስጥ እንደሚኖሩ ልንገርዎ።

እውነቴን ነው። ወጥ ስሠራ "ጋሽ ኩማ ጨው የሚጨምሩት መጨረሻ ላይ ነው" ይለኛል። ሬዲዮ ስከፍት "ጋሽ ኩማ በዚህ ሰዓት ዝም በሉ ይሉናል" ብሎ ይዘጋብኛል። ባሌን መልስልኝ ብዬ ስለት ስሳል ሁለት ወንድ ይላክልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የእስር ክፍሉ ካቦ፣ አዛዡ፣ እርስዎ ነበሩ፤ የኔ ቤት ካቦ ደግሞ እኔ ነኝ። በዚህ እርስዎና እኔ በሩቁ ተጣላን።

የመኝታውን ነገር መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ካልነገርኩዎ አይገባዎትም። አልጋችን ሰፊ ነው። እሱ ግን ግድግዳውን ተጠግቶ፣ በጎኑ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ይተኛና ቀሪውን ለማን እንደተወው አይታወቅም። መገላበጥ ሲያምረው "ወርቄ፣ እንዙር?" ይለኛል።

"አንተ ዙር፣ እኔን ምን አገባኝ?"

"ብቻዬንማ እንዴት እዞራለሁ?"

በኋላ ሁሉንም ነገረኝ። ለሠላሳ ሰው በማይበቃ ክፍል ዘጠና ሰው ተጠቅጥቆ፣ አንዱ መዞር ከፈለገ ረድፉ ሁሉ አብሮ መዞር ነበረበት፤ "ዙሩ" የሚሉትም እርስዎ ነበሩ። በጎኑ ብቻ በመተኛት ዳሌው ላይ የወጣውን ጠባሳ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሳሉ የጠናበት ሰሞን መስኮቱ ሥር ያለውን ቦታዎን ለቀውለት የሽንቱ ባልዲ አጠገብ እንደተኙም ነገረኝ። ስለ ጨው የተቆጣሁት ቁጣ በዚያው ወጣልኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የበሩ ነገር ነው። እኔ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ስሸጥ እውላለሁ። አንድ ቀን ምሳ ላበላው ስመለስ ከበሩ ኋላ ቆሞ አገኘሁት። በሩ አልተቆለፈም፤ ገርበብ ነው ያለው።

"ምን ትሠራለህ?"

"መውጣት ፈልጌ ነበር።"

"ታዲያ?"

"የሚከፍት ሰው አልመጣም።"

ሳቅኩ፣ ጋሽ ኩማ፤ ቀልድ መስሎኝ ነው። ፊቱን ሳየው ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ እኔ ካልከፈትኩለት ከቤት አይወጣም ነበር። ድሮ ይነዳው የነበረውን አይሱዙ ባለቤቱ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። ቱላ መንገድ ላይ ሰው ገጭቶ የታሰረ ሾፌር ማን መኪናውን ያምነዋል? እናቴ አይታው ሄደችና "ልጄ፣ ይህ ሰው ገና አልተፈታም" አለችኝ። ጨርቄን ጠቅልዬ እሷ ዘንድ ልሂድ ያልኩበት ቀንም ነበር።

በኅዳር ደረሰ የሚባል ጎረቤታችን እናቱ ዐረፉበት። ዋሲሁንን በግድ ጎትቼ ድንኳን አስገባሁት። የዕድራችንን ዳኛ አቶ ሽበሺን አያውቋቸውም። ጎሚስታ አላቸው፤ በሰፈራችን በአዲስ ከተማ ጎማ የተነፈሰበት ሁሉ ደጃቸው ነው። ግዙፍ ናቸው፤ ቁጡም ናቸው፤ ቀብር ላይ ያረፈደውን ሁሉ ይቀጣሉ። አምስት ዓመት ጅቡቲ እንደሠሩ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ ምን ቢወራ "ጅቡቲ እያለሁ" ይላሉ። ባሕሩ እንዴት ነው ሲባሉ ግን "ያው እንደ ሐይቃችን ነው፣ ትንሽ ይሰፋል" ከማለት አያልፉም።

ምሳ ሊቀርብ ሲል የዕድሩ ጸሐፊ ማቴዎስ እንጀራው እንዳያንስ ብሎ መሐል ቆመና አጨበጨበ። "ቆጠራ ነው፤ ማንም ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ" አለ፣ እንደ ጠባቂ በሚጮህ ድምፁ።

ዋሲሁን ከአግዳሚው ወርዶ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። እዚያ እናንተ ዘንድ ለቆጠራ እንደሚቀመጠው፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። እኔ ከሴቶቹ መሐል ሆኜ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። ወዲያው ከወዲያኛው ጥግ አንድ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ገልጬ ሳይ አቶ ሽበሺ ናቸው፤ ነጭ ጋቢያቸው አቧራ ላይ ተዘርግቶ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ እሳቸውም ቁጢጥ ብለዋል።

ሁለቱ ቀና ብለው ተያዩ። ማቴዎስ እጁን ለጭብጨባ እንዳነሳ ቀረ።

"አቶ ሽበሺ፣" አለ ዋሲሁን ቀስ ብሎ፣ "ጅቡቲም ይቆጥራሉ እንዴ?"

አቶ ሽበሺ መጀመሪያ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሆዳቸው። ከዚያ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ሰው ሊያነሣቸው ቢሞክርም እየወደቁ ሳቁ። ከተፈታ ወዲህ ባሌ ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም ለቅሶ ቤት። ደረሰ እንኳ "እናቴ ብታይ ደስ ይላት ነበር" አለ።

አጠገቤ የተቀመጡት የአቶ ሽበሺ ባለቤት እትዬ ዘነበች ናቸው። "ያውቁ ነበር?" አልኳቸው በጆሯቸው።

"እስር ቤት ስንቅ ያመላለስኩት እኔ አይደለሁ? ልጆቼ የእስረኛ ልጅ እንዳይባሉ ጅቡቲን ያመጣሁትም እኔ ነኝ። እሱማ ሞያሌ ይሻላል ብሎኝ ነበር።"

በማግስቱ ጠዋት አቶ ሽበሺ ደጃችን መጡ። ልከፍት ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ዋሲሁን፣ ሥራ አለ፤ ና ውጣ። እኔ አልከፍትልህም፤ እሷም አትከፍትልህም" ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ፀሐዩ ከረረ። እኔ ተንቆራጠጥኩ። "ተይው፣" አሉኝ፣ "እኔ ስድስት ወር ሙሉ ሽንት ቤት ለመሄድ ዘነበችን ሳስፈቅድ ነበር።"

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ዋሲሁን ሸሚዙ በላብ ርሶ ወጣ። አቶ ሽበሺ "ቁርስ በልተሃል?" ብቻ ብለው ይዘውት ሄዱ። ዛሬ በጎሚስታው ይሠራል። ሥራው ሜዳ ላይ ስለሆነ በር የሚባል ነገር የለበትም፤ ተስማምቶታል። ሳሉ ግን አልለቀቀውም፤ መድኃኒት ጀምሯል። ምግብም አሁንም የሚቀማው ያለ ይመስል ነው የሚውጠው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው እሑድ ዋሲሁንና አቶ ሽበሺ እርስዎን ሊጠይቁ ዶሮ ሠርቼ ላክኋቸው። እስከ እስር ቤቱ በር ድረስ ሄደው፣ አንዱ ሌላውን ቅደም እያለ፣ የጥየቃው ሰዓት አለፈ። ሲመለሱም መንገድ ላይ ዶሮዎን በልተውታል። የፊታችን እሑድ እትዬ ዘነበችና እኔ የየባላችንን እጅ ይዘን እናስገባቸዋለን። ከሳቁብዎ አይቀየሙ፤ ፍርሃት ነው።

ለይቅርታ ስምዎ መግባቱን ዋሲሁን ነግሮኛል። ቱላ የነበረው ቤትዎ ከፈረሰ ወዲህ የሚጠይቅዎት ሰው እንደሌለም ነግሮኛል። ሲወጡ ማን ይቀበልዎታል ብለው ይጠይቁዎታል አሉ። የእኔን ስም ይስጧቸው። ምንዎ ናት ካሉዎት ደግሞ አያመንቱ፤ ከስሜ በላይ ጽፌልዎታለሁ።

እህትዎ፣
ወርቄ