ከሽንፋ ዳር ተነሥተው በገዳሪፍ ያረፉት የወይዘሮ ውዴ ቻላቸው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ውዴ ከአባታቸው ከአቶ ቻላቸው አድማሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጣይቱ መኰንን በ1962 ዓ.ም. በመተማ ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር ተወለዱ። ትምህርት ቤት ለመግባት ባይታደሉም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቈጥረዋል፤ የጎረቤቱን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነቡትም እርሳቸው ነበሩ።

በ1981 ዓ.ም. ከአቶ እንግዳው ካሴ ጋር ተጋብተው ሄለንንና ባንታምላክን ወለዱ። ሰሊጥና ማሽላ እያረሱ፣ እንግዳ ከደጃቸው ሳይመልሱ ኖሩ።

ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዝናቡ እየራቀ፣ ከብቱ እያለቀ ሄደ። ኋላ ደግሞ በአንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ማሳቸውን ቆርሶ ወሰደው። አቶ እንግዳውም የቀረውን በሬ ሊያወጡ ገብተው በዚያው ቀሩ።

በ2009 ዓ.ም. ወይዘሮ ውዴ ልጆቻቸውን ይዘው በገላባት ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በፋሽጋ ሰሊጥ አጨዱ። ገዳሪፍ ገብተውም ጥገኝነት ጠየቁ። አስተርጓሚው ተኸስተ አዝኖላቸው፣ «እማ ውዴ፣ ወታደር አሳደደን ይበሉ፤ ሌላው አያዋጣም» ብሎ መክሯቸው ነበር። እርሳቸው ግን፣ «ልጄ፣ ያላየሁትን ወታደር ከየት አመጣለሁ? ያፈናቀለን ድርቁና ወንዙ ነው» ብለው የሆነውን ተናገሩ።

ሕጉ የሚያስጠልለው ሰው ያሳደደውን እንጂ ድርቅና ጎርፍ ያፈናቀለውን አይደለም ተባሉ። ጠበቃቸው አቶ ሶፎኒያስ ይግባኝ አሉላቸው። እውነታቸውን የካደ አልነበረም፤ ውሳኔው ግን አልተለወጠም።

በ2012 ዓ.ም. ባንታምላክ «ከሻ» በሚሉት የፖሊስ አፈሳ ከገበያ ተይዞ፣ መኖሪያ ፈቃድ የለህም ተብሎ ወደ መተማ ተባረረ። መንደሩ ቢደርስ ማሳው ጠጠር ሆኖ አገኘው። «እማ፣ የምገባበት የለኝም» ብሎ ደውሎ በሊቢያ መንገድ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

ከዓመታት በኋላ፣ ስሟን እዚህ የማንጽፈው፣ ድርቅ ያሰደዳት አንዲት እናት ወደ ጥገኝነት መጠየቂያው ቢሮ ልትገባ ስትል ምን እንደምትናገር ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም፣ «እኔ እውነቱን ተናግሬ ልጄን አጣሁ። አንቺ ልጆችሽን የሚያተርፈውን ተናገሪ» አሏት። የዚያን ዕለት እህል አልቀመሱም።

በ2017 ዓ.ም. ካላዛር የተባለው የቆላ በሽታ ያዛቸው። የሱዳን ጦርነት ኑሮውን ሁሉ አክብዶት ነበር፤ ለተመዘገቡ ስደተኞች የሚሰጠውም ሕክምና ለእርሳቸው አልተፈቀደም። ልጃቸው ሄለን እያስታመመቻቸው ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው ሄለንን፣ ገዳሪፍ ተወልዳ እርሷም ወረቀት የሌላትን የልጅ ልጃቸውን ሉብናን፣ እንዲሁም ባንታምላክን ትተዋል። ባንታምላክን ከሕያዋን ጋር የጻፍነው እናቱ ሲያጣጥሩ፣ «ሞቱን እስክትሰሙ ስሙን ከሕያዋን መካከል እንዳታወጡት» ብለው አደራ ስለሰጡን ነው።

ቸሩ አምላክ የእናታችንን ነፍስ በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ በመንገድ ላለው ልጃቸውም ይድረስለት። አሜን።