መንበርከካችንን ይመልሱልን

ለተከበሩ የጦር መሣሪያ አቅርቦት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ለክቡር ቫሌሪያን ኦሬስቶቪች፣
ኪየቭ።

ጉዳዩ፦ በስህተት የተሰጠ መንበርከክ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር ወደ መንደራችን ወደ ዛሪቼንካ ብቅ ባሉ ጊዜ የመኪናዎን መስኮት ከፍተው ስለነበር፣ የእኛ የመጋቢት ንፋስ ደግሞ ሹመት አይቶ የሚራራ ስላልሆነ፣ ብርድ መትቶዎት እንዳይሆን ስንጨነቅ ሰንብተናል። እግዚአብሔር የሞቀ ቢሮና የማይቋረጥ መብራት አያሳጣዎት። እኛ ደህና ነን፤ መብራት ሲመጣ እንጋግራለን፣ ሲሄድ እንጸልያለን።

እርስዎ እኔን አያውቁኝም። ሜላኒያ ሆርባቲዩክ እባላለሁ፤ ከመንደሩ ሴቶች ጋር በባህል አዳራሹ ውስጥ ለግንባር ምሽጉን ከጠላት ዓይን የሚሸፍን መረብና የምሽግ ሻማ እሠራለሁ። አንድ ልጅ አለኝ፣ ዛካር ይባላል፤ ሞርታር ተኳሽ ነው። የት ግንባር እንዳለ እዚህ አልጽፍም፣ ጠላት ያነባልና፤ እርስዎ ግን መሣሪያ የሚልኩለት ሰው ስለሆኑ ያውቁታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የጎረቤቴ የፓራስካ ልጅ ሉክያንና የእኔ ዛካር አንድ ግቢ ውስጥ አድገው፣ አብረው ዘምተው፣ አንድ ሞርታር ላይ ተመደቡ። ሉክያን አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተቀብሯል። ዛካር ግን እስካሁን ከዚያው ሞርታር፣ ከዚያው የቅምቡላ ሳጥን አጠገብ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም እሱ ገና በሕይወት እያለ እንዲደርስዎት ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቅምቡላዎቹ ምስጋናችንን ይቀበሉን። የዘንድሮው የመከላከያ በጀት በአገራችን ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ መሆኑን በቴሌቪዥን ሲያበስሩን፣ ከደመወዛችን የሚቆረጠው የጦርነት ግብር የት እንደገባ ስላወቅን ደስ ብሎን ነበር። ዛካር እንደነገረኝ ቅምቡላዎቹ ሲደርሱ አዲስ ነበሩ፤ ቀለማቸው ያብረቀርቃል፣ ሳጥናቸውም ለዓይን ያምራል። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አይፈነዱም። አንዳንዱ አፈሙዙ ውስጥ ተወሽቆ ይቀራል፣ አንዳንዱ እንደ ዶሮ ትንሽ በረር ብሎ ከተኳሾቹ ፊት ጭቃ ላይ ያርፋል። ቅምቡላዎቹን የሠራው ፋብሪካ ከዚያ በፊት የአትክልት ማጠጫ ቧንቧ ይሠራ እንደነበርና ያለ ጨረታ በአስቸኳይ እንደተመረጠ ጽሕፈት ቤትዎ ራሱ አምኗል። አስቸኳይነቱ ይገባናል፤ ጦርነት ላይ ነን።

ሉክያንን የገደለው የእርስዎ ቅምቡላ ነው ብዬ ብጽፍ ቃል አቀባይዎ ስም ማጥፋት ነው ስለሚሉኝ ቃሌን መርጬ ልናገር። ሉክያን የሞተው የከሸፈውን ቅምቡላ ከአፈሙዙ ለማውጣት ከምሽጉ በወጣበት ሰዓት፣ በጠላት ቅምቡላ ነው። የጠላት ቅምቡላ አልከሸፈም።

ዛካር በማግስቱ ደወለልኝ። ስለ ጓደኛው ብዙ ማውራት አልቻለም፤ ስለ ሻማዎቻችን ጠየቀኝ። ባዶ የዓሣ ቆርቆሮ ውስጥ ካርቶን ጠቅልለን፣ ከቤተ ክርስቲያን የለቀምነውን የሻማ ቁራጭ አቅልጠን የምናፈስበት፣ ወታደሮቹ ሻይ የሚያፈሉበትና እጃቸውን የሚያሞቁበት ነገር ነው። «እማ» አለኝ፣ «የናንተ ሻማ አልበራም ብሎን አያውቅም እኮ። ምናለ ቅምቡላውንም ለናንተ በሰጧችሁ።» ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። እኔም አብሬው ልስቅ ሞከርኩ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የሰም ድስቱ እስኪያር ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ አመራሩ ጥበብ ምስጋና ይገባዎታል። ከእርስዎ በፊት ወንበሩ ላይ የነበሩት ሰው ቅምቡላውን ያዘዝኩት እኔ ሳልሆን የተኩኝ ናቸው አሉ፤ እርስዎ ደግሞ ከእሳቸው የወረስኩት ጣጣ ነው አሉ። በእንዲህ ያለ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ መካከል ቅምቡላውን ያዘዘው ማንም እንዳልሆነ ተረድተናል፤ ምናልባት በራሱ ጊዜ ተሠርቶ፣ በራሱ ጊዜ ተጭኖ ሄዶ ይሆናል። የቀድሞው ኃላፊ ለጥፋታቸው ከባድ ቅጣት ተቀብለው ፀሐያማ ባሕር ዳርቻ ወዳለበት አገር በአምባሳደርነት ተልከዋል፤ እንደሚጸጽታቸው አንጠራጠርም። በምትኩ ደህና ቅምቡላ እንዲገዛ ሲታሰብ ደግሞ ውሉን ማን ይፈርም በሚለው ላይ የእርስዎ ጽሕፈት ቤትና የመከላከያ ሚኒስቴሩ ክረምቱን ሙሉ ሲጓተቱ ከረሙ። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ ሣሩ ግን ቢያንስ ዝሆኖቹን ከበጀቱ አይቀልብም።

ሉክያን ከሞተ በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳንል ኮሚቴው እስካሁን አልጮኸም። ቃል አቀባይዎም በሰሞኑ መግለጫቸው እንዲህ ያለ ወሬ ማውራት ጠላትን መርዳት ነው ብለው ገሥጸውናል። ክቡር ሆይ፣ ቅምቡላው እንደሚከሽፍ ከማንም በፊት ያወቀው ጠላት ነው፤ የምንተኩሰው ወደ እሱ ነውና። ሳያውቁ የቀሩት እናቶች ብቻ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በእኛ አገር የወደቀ ወታደር ወደ መንደሩ ሲመለስ ሕዝቡ መንገድ ዳርና ዳር ወጥቶ እንደሚንበረከክለት ያውቃሉ፤ ለመሆኑ ያውቃሉ? ያዘዘን መንግሥት የለም። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲመታ ከብት የሚያልበው ማለቢያውን ጥሎ፣ ዳቦ የምታቦካዋ እጇን ሳትታጠብ ይወጣሉ፤ በረዶ ይሁን ጭቃ አይመረጥም። ከድልድዩ እስከ መቃብሩ በር ድረስ እንንበረከካለን፤ አንገታችንንም እንደፋለን። አንገታችንን ስለምንደፋ የሚያልፈውን አናይም፤ የሞተ ሰው ፊት ለፊት አይታይም ብለን ነው። ስህተቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ያን ቀን ሉክያን ወደ ቀትር ገደማ እንደሚደርስ ከሠራዊቱ ተነግሮን ነበር። እርስዎ እንደሚመጡ ግን ለደኅንነትዎ ሲባል ማንም አልነገረንም። ደወል መቺያችን ሽማግሌው ዴምያን ከማማው ላይ ሆኖ ከድልድዩ ማዶ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል የፖሊስ መኪና፣ ከኋላውም ጥቁር መኪኖች ሲያይ ደወሉን መታ። ወታደሮቻችንም የሚመጡት እንደዚያው ሆነው ነው፤ በእኛ መንገድ እንዲህ ታጅቦ የሚሄድ ሕያው ሰው አይተን አናውቅም።

ተንበረከክን። ፓራስካ ከበሯ ፊት ለፊት፣ ጥቁር ሻሿን አስራ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። እናት በዚያ ሰዓት የልጇን መኪና በእጇ ትነካለች፤ ሾፌሮቹም ይህን ስለሚያውቁ እዚያ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ። የእርስዎ ሾፌር የቀነሰው ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ለካሜራው ይሆናል። ፓራስካ አንገቷን እንደደፋች እጇን ዘርግታ በርዎን ነካች፤ መዳፏንም እዚያው አሳረፈችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። በልጇ የሬሳ ሣጥን ላይ እንዳሳረፈችው ነው የመሰላት።

እርስዎም መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው «አመሰግናለሁ እናቴ፤ ድሉ የእኛ ነው» አሏት።

ፓራስካ ቀና አለች። ፊትዎን አየችና «ልጄ የታለ?» አለችዎት።

ያን ጊዜ ያደረጉትን መቼም አንረሳውም። ወደ ኋላ ዞር ብለው ለረዳትዎ «ጥያቄዋ ይመዝገብ» አሉት፤ መስኮቱም ተዘጋ። እኛ ገና እንደተንበረከክን ነበር፤ ፍሮሲና የምትባለው ጎረቤታችን ጠጋ ብላ «ሬሳው አናገራት እንዴ?» ስትለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ቀን ለቅሶዬ አልቆም አለ።

ሉክያን በዚያ ሰዓት የት እንደነበር ልንገርዎት፣ ጥያቄው ተመዝግቦ እስካሁን መልስ አልተሰጠውምና። ሉክያን መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ ነዳጅ ማደያው አጠገብ፣ በሬሳ መኪናው ውስጥ እንዳለ ቆሞ ነበር። ለእርስዎ መንገድ ሲባል ፖሊስ አስቁሞት ነበር። ሾፌሩ የግንባር ጓደኛው ስለነበር ለመለመን ወርዶ ሞክሯል፤ ከፍ ያለ እንግዳ እያለፈ ስለሆነ ጠብቅ ተብሎ ተመለሰ። ያ ልጅ በሕይወቱ ቅምቡላ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ከሞተም በኋላ እርስዎ እስኪያልፉ ጠበቀ።

እርስዎ በባህል አዳራሻችን ውስጥ ሻማዎቻችንን በእጅዎ ይዘው ፎቶ ተነሡ። አብሮዎት የመጣው የወረዳው ሹም በባህላችን መሠረት በዳቦና በጨው ሊቀበልዎት ፈልጎ፣ ባዶ እጁን እንደመጣ ትዝ ሲለው፣ ለሉክያን ቀብር ከተዘረጋው ማዕድ አንዱን ዳቦ አንሥቶ አቀረበልዎት። ቆርሰው፣ ጨው አስነክተው ጎረሱ፤ ጣፋጭ መሆኑንም መሰከሩ። የጋገረችው ፓራስካ ናት። ከዚያ ስለ ጽናታችን ንግግር አድርገው በሌላኛው መንገድ ሄዱ።

ሉክያን ሲመጣ ጉልበታችን ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር። ደወሉ እንደገና ሲመታ ግን አንዳንዱ ሰው ለመንበርከክ አመነታ፤ አንገቱን ከመድፋቱ በፊት ቀና ብሎ መኪናውን አየ፣ እውነት እሱ መሆኑን አጣርቶ ነው የተንበረከከው። ፓራስካም እጇን ልትዘረጋ ብላ መለሰችው፤ ልትነካው ፈራች። ክቡር ሆይ፣ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ቅምቡላው ልጇን ወሰደባት፤ እርስዎ ደግሞ የልጇን ሣጥን የምትነካበትን እጅ ወሰዱባት።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤትዎ ፎቶአችንን በድረ ገጹ ላይ አወጣ። አንገታችንን ደፍተን፣ ጭቃ ላይ ተንበርክከን፣ እርስዎ በመስኮት እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ይታያሉ። ከሥሩም ሕዝቡ ለአመራሩ ያለውን ክብር እንዲህ ገለጸ የሚል ተጽፏል። ፎቶው እስካሁን ከዚያ አልወረደም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ብዕሬ ግን ከዚህ በኋላ ቁጥር አልቆጥርም አለኝ። ስለዚህ ልመናችንን ላቅርብ።

በመጀመሪያ፣ ከዚያ ፋብሪካ የወጣው ቅምቡላ ከዛካር ምሽግ ዛሬውኑ ይነሣ። ኮሚቴው ይጨርስ፣ ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች ይታረቁ፣ ፈራሚው ይታወቅ ሳይባል ይነሣ። ምትክ ከሌለ ባዶ ሳጥን ይላኩላቸው፤ ባዶ ሳጥን ለማንሣት ማንም ከምሽጉ አይወጣም። ልጄ አሁንም እየጠበቀ ነው፤ እኔም ደወሉ በመታ ቁጥር ማንን ይዞ እንደመጣ ሳላውቅ ወደ መንገድ የምወጣ ሴት ነኝ። ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ ልነግርዎት አልፈልግም፤ መቁጠር ትቻለሁ።

ቀጥሎ፣ ያን ቀን የተንበረከክነው ለእርስዎ አልነበረምና ይመልሱልን ብለን እንጠይቃለን። እንዴት ይመለሳል የሚሉ ከሆነ ቀላል ነው። ያለ ካሜራና ያለ አጃቢ ይምጡ፤ ሉክያን ከቆመበት ከነዳጅ ማደያው ተነሥተው እስከ መቃብሩ ድረስ በእግርዎ ይሂዱ። እዚያም ይንበረከኩ። ፓራስካ ትኖራለች፤ ጥያቄዋንም ያኔ በቃልዎ ይመልሱላት። ጉልበትዎ ጭቃ እንዳይነካው ከመረቦቻችን አንዱን እናነጥፍልዎታለን፤ እንግዳ ማክበር እናውቃለን።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዳች ቃል አስከፍቶዎት ከሆነ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ የመናደድ መብት ለባለሥልጣን ብቻ የተመደበ መሆኑን ዘንግቼ ይሆናል ብዬ እንዲያልፉት እማጸናለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎን ዕድሜ ሳይሆን የልጆቻችንን ዕድሜ ያርዝምልን ብላ ሌት ተቀን የምትጸልይ፣ የታሪካዊው በጀት ከፋይ፣ የማይከሽፍ ሻማ ሠሪ፣ የሞርታር ተኳሹ የዛካር እናት፣

ሜላኒያ ሆርባቲዩክ፣ ከዛሪቼንካ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዴምያን መኪናው ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ሳይታይ ደወል እንዳይመታ መንደሩ ወስኗል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ሲመጡ ቆመን ቢያገኙን ቅር እንዳይሰኙ። ፎቶውን ግን ግድግዳዎ ላይ ይስቀሉት፣ ይገባዎታል፤ በዚያ መንገድ ላይ ከተንበረከክንላቸው ሁሉ እስካሁን በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።