እማሆይ የመረቁት ብልቃጥ

ንፋስ መውጫ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጽጌረዳ፣

ከባሕር ማዶ ያለሽው ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ቁጣሽ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የከተማው ስልክ ከተቋረጠ ሦስት ሳምንት ስለሆነው በደብዳቤ ልመልስልሽ። ለማንም አላጻፍኩትም፤ በመሠረተ ትምህርት በተማርኳት ፊደል ራሴ ጫርኩት።

«ተፍተሽ በላክሽልኝ ብልቃጥ ውስጥ የሁለት ሰው ምራቅ ተገኘ፣ እማዬ ምን አድርገሽ ነው?» ብለሽ ጮህሽብኝ። ምን ላድርግ! ተፍቼ ልከድነው ስል የአባትሽ እናት፣ እማሆይ ተሾመች፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ አሉ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ። ጽጌረዳ ልጆቼ ለምን እንዳልጸኑልኝ ልትመረምርበት ነው አልኳቸው። ወዲያው ብልቃጡን ተቀብለው «እንትፍ እንትፍ! እግዜር ይግለጥላት» ብለው መረቁበት። ታዲያ የመነኩሴ ምርቃት ይደፋል? ያውም የእሳቸው! ከአንቺ በፊት አራት፣ ከአንቺ በኋላ ሁለት ሲጨነግፍብኝ «ሾተላይ ናት» ብለው ከአባትሽ ያፋቱኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሜን በክፉ ሲያነሱ ኖረው ዛሬ ገና መረቁኝ። አልደፋሁትም፤ እንደምትቆጪ ባውቅም አልደፋውም ነበር።

ደግሞ ምንም እንደማይገባት ሰው አታድርጊኝ። ዘር ሲዘጋጅ ከእናትና ከአባት የመጣው ክር ሆነ ተብሎ ይበጠሳል፣ ተለዋውጦ ይቀጠላል፤ ሲቀጠል ከተሳሳተ ፅንሱ አይጸናም አላልሽኝም? እኔ ስፈትል የኖርኩ ሰው፣ ስለተበጠሰ ክር ታስተምሪኛለሽ? የከበደኝ ሌላ ነው። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ቢገኝስ?

ይኸው ትርፍ ብለሽ የላክሽውን ሁለተኛውን ብልቃጥ ዛሬ ጠዋት እህል ሳልቀምስ፣ በሬን ቀርቅሬ ተፋሁበት። ነጋዴው መሕቡብ አዲስ አበባ ያደርስልኛል። የእኔ ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ እንዳትጨቀጭቂኝ።

ግን «ለምርምር ነው» ያልሽኝን አላመንኩሽም። ለምርምር ከሆነ ስትጮሂብኝ ድምፅሽን ምን አንቀጠቀጠው? ለፋሲካ «የምሥራች አለኝ፣ ትንሽ ቆይቼ እነግርሻለሁ» አልሽ፤ ከዚያ ወዲያ አንስተሽው አታውቂም። እኔም ስድስት ጊዜ እንደዚያ ዝም ብያለሁ። አይ ልጄ፣ ብቻሽን!

ክሩ የተበላሸው ከእኔ ከሆነ ንገሪኝ፤ አልከፋም። አንቺ ግን ራስሽን ሾተላይ እንዳትዪ። ስድስቱ ቢሄዱም አንቺ ጸንተሽልኛል።

እመቤቴ ማርያም ከእንግዲህ የምትፀንሺውን ታጽናልሽ። ወረቀቱ ጫፍ ላይ እንትፍ እንትፍ ብዬልሻለሁ፤ እሱን እንዳትመረምሪው።

እናትሽ የኔነሽ