ስሜ ከዕቃ ዝርዝር ወጥቶ ከሰው ዝርዝር ይግባልኝ

ለምዕራብ ጠረፍ የቴሌቪዥን ተዋንያን ማኅበር
የስም አጣሪ ክፍል ኃላፊ
ለክብርት ወ/ሮ ቨርና ሆልክዊስት
ሆሊውድ

ኤፕሪል 19 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.
በርባንክ፣ ካሊፎርኒያ

ጉዳዩ፦ «አየር ለባሹ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ አራት ዓመት ሙሉ ሳልታይ የሠራሁ ተዋናይ በመሆኔ፣ ስሜ በመጨረሻው ክፍል እንዲጻፍልኝ ለሦስተኛ ጊዜ ስለማመልከት

ክብርት ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ኦሪን ፕላስኬት የተባልኩ፣ ዕድሜዬ 51 ዓመት የሆነ፣ የማኅበሩ አባል፣ ባለትዳር፣ በዚህ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት በትወና የቆየሁ ሰው ነኝ። «ሰው ነኝ» ያልኩት ለወግ አይደለም፤ ምክንያቱን በተራ ቁጥር 3 አስረዳለሁ።

2. ክብርት ኃላፊም እንደ ብዙው ሰው ሐሙስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥንዎን ከፍተው «አየር ለባሹ»ን ሳይመለከቱ አይቀሩም ብዬ እገምታለሁ። ታሪኩ፣ በቤተ ሙከራ አደጋ ምክንያት ከሰው ዓይን የተሰወረና መንግሥት ለስለላ ያሰማራው ሰው ታሪክ ነው። ሰላዩ አለቃው ቢሮ ሲገባ የሰው መልክ ያለው ጭምብል ያጠልቃል፤ ያኔ የሚያዩት ሚስተር ግራንት ሌስሊንግን ነው። ጭምብሉን ሲያወልቅ ሚስተር ሌስሊንግ ወደ ጀልባቸው ይሄዳሉ፣ እኔ እገባለሁ። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ሰማያዊ ጨርቅ እለብሳለሁ፤ ዓይኔ ላይ ሳይቀር ስስ ሰማያዊ ሻሽ አለ። ከላይ የሰላዩን ኮትና ባርኔጣ እደርባለሁ። የምስል ማቀናበሪያው መሣሪያ ሰማያዊውን ሁሉ ከፊልሙ ላይ ሲያጠፋው፣ ለተመልካቹ ባዶ ኮት ሲራመድ ይታየዋል። ኮቱ ሲሮጥ የሮጥኩት፣ ሲጋራው አየር ላይ ሲጨስ ያጨስኩት፣ ከሰገነት የተወረወርኩት እኔ ነኝ። ድምፁን ሚስተር ሌስሊንግ ከጀልባቸው ሲመለሱ ያስገቡታል።

ባለፈው ዓመት አንድ የቴሌቪዥን መጽሔት፣ «ሌስሊንግ ሳይታዩ እንኳ ብቸኝነታቸው ከትከሻቸው ይነበባል» ብሎ ጽፎ ነበር። ትከሻው የእኔ ነው። ብቸኝነቱም በከፊል የእኔ ነው። ሚስተር ሌስሊንግ ጽሑፉን በመስታወት አስገብተው ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለውታል። ክፉ ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም፤ በየዓመቱ ለገና አንድ ጠርሙስ ወይን ይልኩልኛል። ካርዱ ላይ ስሜን «ኦወን» ብለው ይጽፉታል እንጂ ወይኑ ጥሩ ነው።

3. አሁን ወደ በደሌ ልግባ። በቀረጻችን ሥርዓት በየማለዳው አንድ ወረቀት ይበተናል፤ ማን በስንት ሰዓት ምን እንደሚሠራ የሚናገር ወረቀት ነው። በላይኛው ሰንጠረዥ ተዋንያን፣ በታችኛው ደግሞ ለዕለቱ ቀረጻ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ይሰፍራሉ። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ያዘጋጀው ልጅ የእኔን ስም ከላይ ሊያስገባ ሲል «የፊት ቅባት ሰዓት» የሚለውን መሙላት አቃተው፤ ለእኔ የሚቀባ ፊት የለማ። ወረቀቱ ባዶ ቦታ አይወድም። ስለዚህ ወደ ታች አወረደኝና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ኮት 1፣ ባርኔጣ 1፣ ሲጋራ 1 ፓኮ፣ ኦሪን 1»። በማግስቱ የትላንቱን ወረቀት ገልብጦ በተነ። እንዲህ እየተገለበጠ 88 ክፍል አለቀ።

በዚህ ምክንያት ጠዋት ጠዋት ፈርሞ የሚረከበኝ፣ ማታ ፈርሞ የሚመልሰኝ የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ኤልመር ክሩፕ ነበር። ትኩስ ምሳ የሚፈቀደው ለላይኛው ሰንጠረዥ ብቻ በመሆኑ፣ አራት ዓመት ከኤልመር ጋር በመደርደሪያዎቹ መካከል ተቀምጠን የቱና ሳንድዊች በላን። አንድ ቀን ኮስተር ብዬ ቢያየኝ፣ «አትከፋ ወዳጄ፣ ካሉኝ ዕቃዎች ሁሉ በራሱ እግር ወደ ቦታው የሚመለስ አንተ ብቻ እኮ ነህ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ተጽናናሁም።

በ31ኛው ክፍል ከደረጃ ወድቄ ሁለት የጎን አጥንቶቼ ሲሰበሩ አደጋው የተመዘገበው በዕቃ ጉዳት ቅጽ ላይ ነው። ቅጂው እጄ ላይ አለ። «የጉዳቱ መንስኤ» በሚለው ሥር «የአያያዝ ጉድለት»፣ «ይወገድ ወይስ ይጠገን?» በሚለው ሥር «ይጠገን» የሚል ተሞልቶበታል። ስለዚህ ቸርነቱ ስቱዲዮውን አሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

4. ይህንኑ ዘርዝሬ ለክቡር ክፍልዎ ሁለት ጊዜ አመልክቻለሁ። ለመጀመሪያው ደብዳቤዬ የተሰጠኝ መልስ፣ በደንቡ አንቀጽ 11 መሠረት ስሙ የሚጻፈው «ፊቱ ወይም ማንኛውም የአካሉ ክፍል በተላለፈ ምስል ላይ የታየ» ተዋናይ ብቻ ነው የሚል ነበር። በሁለተኛው ደብዳቤዬ ላይ የታየሁበትን ፎቶግራፍ አያይዤ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። አያያዝኩ። ካሉኝ ሥራዎች ሁሉ የምኮራበትን፣ ከ54ኛው ክፍል፣ ሰላዩ በጠላት ኤምባሲ ውስጥ ኮቱን አውልቆ ሻይ የሚጠጣበትን መረጥኩ። ሲኒው አየር ላይ ተንሳፍፏል፤ ሌላው ባዶ ክፍል ነው። ክፍልዎ ፎቶግራፉን «አመልካቹ በግልጽ አይታይም» የሚል ማኅተም አድርጎ መለሰልኝ።

ከዚያ በኋላ ስልክ ደወልኩ። ያነጋገሩኝ ሚስተር ፊች በጣም ትሁት ሰው ናቸው። «ሚስተር ፕላስኬት፣ እስቲ በደንብ ያስታውሱ፤ የሆነ ቦታ ላይ አልተሳሳቱም? ክርንዎ፣ ጆሮዎ፣ የጫማዎ ጫፍ እንኳ ብቅ ያለበት?» አሉኝ።

«በፍጹም፤ በ88 ክፍል አንድም ጊዜ» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር በኩራት ነበር የመለስኩት።

«ወይኔ! ምን ያደርጋል» አሉ ሚስተር ፊች፤ ከልባቸው ነው ያዘኑልኝ።

እንግዲህ ክብርት ኃላፊ፣ የደንቡ ትርጉም ይህ ነው፦ ሥራውን ያበላሸ ሰው ስም ያገኛል፣ ያላበላሸው አያገኝም። ይህን ስል ደንቡን መንቀፌ አይደለም፤ ደንቡን ያወጡት ሰዎች እንደኔ ያለ ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡም። ማንም አላሰበም።

5. ስም ምን ያደርግልሃል እባል ይሆናል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ ሰባት ጊዜ ሬሳ፣ አርባ ጊዜ ያህል ጀርባውን የሰጠ አስተናጋጅ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የፈረስ የኋላ እግር ሆኜ ሠርቻለሁ። በአንዱም ላይ ስሜ አልወጣም፤ ለሬሳ ይጻፍልኝ ብዬም አላስቸገርኩ። «አየር ለባሹ» ግን ሌላ ነው። ይህን ሰውዬ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሲደክመው አንገቱን እንዴት እንደሚያዘነብል፣ ሰው ሳያየው በር ላይ ለምን ቆም እንደሚል ማንም አልነገረኝም።

ባለቤቴ ሎይስ ሐሙስ ሐሙስ ከእህቷ ከሜይቤል ጋር ቁጭ ብላ ታያለች። አራት ዓመት ሙሉ ንግግራቸው ያው ነው።

«ታዲያ ባልሽ የቱ ጋ ነው?» ትላለች ሜይቤል።

«ያው ኮቱ ውስጥ!»

«ኮቱንማ አየሁት የኔ እመቤት፤ እኔ የምጠይቅሽ ባልሽን ነው።»

ሎይስ መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ዘንድሮ መሳቋን ትታ ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀምራለች። የሚሰሙኝ ከሆነ ይኸው በደብዳቤም እናገረዋለሁ፤ ይህ ያመኛል። ሐሙስ ሜይ 11 ቀን የሚተላለፈው የመጨረሻው ክፍል ነው። የስም ዝርዝሩ የሚዘጋው ደግሞ ኤፕሪል 28 ቀን ነው፤ ዛሬ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። በኔ ዕድሜ ሌላ የማይታይ ሰው ፊልም ጠብቄ አገኛለሁ ብዬ አላስብም። አንድ መስመር ብትሆን ሎይስ ወጥ ቤት አትገባም ነበር።

6. ከዚህ በታች የምጽፈውን ልጻፍ አልጻፍ ብዬ ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬያለሁ፤ ቢሆንም ለአጣሪ ክፍል የሚደበቅ ነገር ሊኖር አይገባም።

የመጨረሻው ክፍል የመጨረሻ ትዕይንት ሆስፒታል ውስጥ ነው። የሰላዩን ምሥጢር የምታውቀው ብቸኛ ሰው፣ ቤት አከራዩ አሮጊት፣ ልትሞት ተኝታለች። ሰላዩ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ይይዛል። አሮጊቷን ሆነው የሚሠሩት ሚስስ ኮራ ዌይንራይት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከባዶ የኮት አንገትጌ ጋር እያወሩ ሕዝቡን ያስለቀሱ ሴት ናቸው። መብራቱ በርቶ ካሜራው ሊያነሳ ሲል ሳብ አድርገው ጠጋ አሉኝና፣ «ኦሪን፣ ይቺን ሰማያዊ ጓንት አውልቃት» አሉኝ።

«እታያለሁ እኮ፣ ሚስስ ዌይንራይት» አልኳቸው።

«ታይ! አራት ዓመት ጨርቅ ስጨብጥ ኖሬ፣ የምሞት ዕለት እንኳ ሰው ልጨብጥ እንጂ! በል አውልቅ፣ አታድርቀኝ።»

አወለቅሁ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። በሙያዬ ያደረግሁት የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው፤ ብጠየቅም አልጸጸትበትም። ሚስስ ዌይንራይት ያን ቀን የሠሩትን እስካሁን ሲሠሩ አላየሁም። ዳይሬክተሩ እንባውን ሲጠርግ፣ የካሜራ ሠራተኛው አፍንጫውን ሲናፈጥ፣ እጄን ያስተዋለ አልነበረም። ኮቱ እጄን ሸፍኖታል ብዬ እኔም ረሳሁት።

ትላንት ማክሰኞ ከቀትር በፊት የፊልሙ ኤዲተር ሞርት ጊቤል ቤቴ ድረስ ደወለልኝ። «ኦሪን፣ እጅህ ገብታለች» አለኝ። «ሁለት ሰከንድ ናት። ከእጅጌው ወጥታ፣ ጥፍርህ ሳይቀር፣ የጋብቻ ቀለበትህም ጭምር! ከኔ በቀር ያየ የለም። ማኅበሩ ማስረጃ አምጣ እያለ ሲያመላልስህ አልነበር? ልቁረጣት ወይስ እንዳላየ ሆኜ ልለፋት?»

ስልካችን ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ ሎይስ በቆመችበት ሁሉንም ሰምታለች። «ይለፍ በለው! ምን አፍህን ትከፍታለህ፣ ይለፍ በለው እንጂ!» አለችኝ። የዓይኗን መብራት እንኳን ዘንድሮ፣ ከመጋባታችን ወዲህም እንዲያ አላየሁትም።

ክብርት ሆይ፣ ሁለት ሰከንድ ነበረችኝ። አንቀጽ 11 የሚጠይቀው «ማንኛውም የአካል ክፍል» ይኸው እጄ ላይ ነበር፣ ያውም ከነቀለበቱ። ብትተላለፍ ክፍልዎ ስሜን ከመጻፍ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ነገር ግን ያቺ አሮጊት የምትሞተው ማንም የማያየውን ሰው እጅ ይዛ ነው። ለሕዝቡ የእኔ እጅ ብቅ ካለ፣ አራት ዓመት አብሮን የኖረው ሰውዬ እዚያው አልጋው ላይ ይሞታል፤ ቀሪው አንድ የደከመው የበርባንክ ሰውዬ ነው። ሞርትን «ቁረጣት» አልኩት።

ሞርት፣ «አንተ ጅል ነህ» አለኝ። «ደህና ዋል» አልኩት። ሎይስ ወጥ ቤት ገባች። ማታ ራት ላይ ድንች ስታቀብለኝ፣ «የሚስስ ዌይንራይት ትወናስ? አልተነካም?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልተነካም» አልኳት። ሁለተኛ አላነሳችውም።

የተቆረጠችውን ፊልም ሞርት በፖስታ እልክልሃለሁ ብሎኛል፤ ይሁንና ደንቡ «በተላለፈ ምስል» ስለሚል ለክፍልዎ አላቀርባትም።

7. ስለዚህ፦

ሀ) ሥራዬ በተፈጥሮው ማስረጃ የሚያጠፋ መሆኑ ታውቆ፣ በመጨረሻው ክፍል የስም ዝርዝር ላይ፣ በትንሹ ፊደልም ቢሆን፣ «ኦሪን ፕላስኬት» ተብሎ እንዲጻፍልኝ፤

ለ) ደንቡ ይህን በፍጹም አይፈቅድም ከተባለ፣ ስሜ ቢያንስ ከስቱዲዮው የዕቃ ዝርዝር ላይ እንዲሰረዝልኝ ክፍልዎ ደብዳቤ እንዲጽፍልኝ፤ ስቱዲዮው በጁን ወር ዕቃዎቹን ለጨረታ ሊያወጣ ስለሆነ፣ ኤልመር እስካሁን ያልተሰረዝኩ መሆኔን በስጋት አስታውቆኛል፤

ሐ) ሁለቱም ካልተቻሉ ደግሞ፣ ክብርት ኃላፊ ሜይ 11 ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ በግልዎ አንድ ነገር እንዲያደርጉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ሚስስ ዌይንራይት ጣቶቻቸውን ባዶው እጅጌ አፍ ላይ ሲያጥፉ ያያሉ። እጃቸው ውስጥ ምንም የለም፤ ደንቡም ምንም የለም ይላል። እርስዎ ግን ለዚያች ቅጽበት ያህል ብቻ፣ ጣቶቻቸው ለምን ሙሉ ለሙሉ እንዳልተዘጉ ልብ ይበሉልኝ።

በአካል ካለሁበት ከበርባንክ፣ ከታላቅ አክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ኦሪን ፕላስኬት
(ፊርማ)

አባሪ፦ የለም