ባለ አንድ ቦቲው ቁራ

የካቲት 3

ዛሬም በረዶ። ደጃፉን ስጠርግ ወገቤ እንቢ አለ። የሰፈሩ ማስታወቂያ ዞሮ ደረሰኝ፤ ማንበቤን ለማሳወቅ ማኅተሜን መታሁበትና የሚቀጥለው ቤት ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ቆሻሻ የሚነሳበት ቀን ተቀይሯል፣ ሌላ ወሬ የለም።

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ ከልጄ ከናጊሳ ፎቶ ፊት ሩዝ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ገጿ ላይ ገባሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ኢንተርኔት ላይ የሠራችው ገጽ። ከሞተች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ገጹ ግን አለ። የሳለቻቸው ቁራዎችም አሉ። ሁሉም ዝናብ ውስጥ፣ ሁሉም ግራ እግራቸው ላይ አንዲት ቀይ ቦቲ። ሰፈር ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም። እኔም ውጭ አልጠራም...

ከገጹ ግርጌ የጎብኚ ቁጥር አለ። በቀን አንድ ነበር የሚጨምረው፤ እኔው ነኝ። ዛሬ ግን በአርባ ጨምሯል። ማነው የመጣው?

የካቲት 9

ዛሬ ደግሞ ስድሳ። ሃያ ሺህ ሊሞላ ነው።

ናጊሳ ሕግ ነበራት። ድፍን ቁጥር ላይ የደረሰ እንግዳ ገጹ ላይ ባለው የእንግዳ ሰሌዳ ስሙን ይጽፋል፤ እሷ ደግሞ ቁራ ስላ ትልክለታለች። ያኔ የልጆቹ ሁሉ ወግ ነበር። ደርሶ ሳይጽፍ የሄደ እንደሆነ ትንጨረጨራለች። "እማ፣ ሰው ቤት ገብተው ዝም ብለው ይወጣሉ እንዴ?"

ለኮሄይ ደወልኩ፤ ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ናጎያ ከተማ የሚኖረው። ስለ በረዶ አወራን። ስለ ጎብኚዎቹ ግን አልነገርኩትም። ምን ልበለው? እህትህ ጋ ሰው እየመጣ ነው?

ፈራሁ። ደስም አለኝ።

የካቲት 16

ሃያ ሺህ አለፈ። ገበያ ደርሼ ስመለስ አልፎ ጠበቀኝ። ሰሌዳው ላይ ምንም የለም። የመጨረሻው ጽሑፍ ያው የድሮው ነው፤ "አዲስ ቁራ መቼ ነው?" የሚለው። መልስ ሳያገኝ የቀረው።

ባለጌዎች!

ወይስ የመጣው... መጻፍ የማይችል ነው? ይህን ጽፌ ራሴው ደነገጥኩ። ተነስቼ የክፍሏን በር ከፈትኩ። ብርድ ብቻ።

ማንም ይሁን፣ ከዛሬ ጀምሮ ሻይ የምቀዳው ሁለት ሲኒ ነው።

የካቲት 24

ሁለተኛው ሲኒ እንደ ሞላ ይውላል። ሲቀዘቅዝ እደፋዋለሁ።

መጋቢት 11

ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ቀን። ኮሄይ ለመቃብሩ መጣ። ድንጋዩን አጠብን፣ አበባ አደረግን። ቤት ስንገባ ባቄላ የለበሰውን ጣፋጭ ሩዝ እንደ ልጅነቱ ሳያላምጥ ዋጠው። ከዚያ ሲኒዎቹን አየ።

"እማ፣ ሁለተኛው የማን ነው?"

ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። ገጹን ሲያገላብጥ ቆየ።

"ሰው አይደለም እኮ እማ። ማሽን ነው።"

"የምን ማሽን?"

"በዓለም ያለውን ገጽ ሁሉ እየዞረ የሚለቅም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት በዚያ ነው የሚማረው። ሳያስፈቅዱ ወሰዱ፣ አልወሰዱም እየተባለ አገር የሚጨቃጨቅበት እኮ ይኸው ነው።"

"ታዲያ ከናጊሳ ምን ይማራል?"

ስዕል የሚሠራውን ማሽን ከፍቶ ስልኩን አቀበለኝ። "ይኸው፣ አንቺው እዘዢው።"

"ዝናብ ውስጥ ያለ ቁራ ሳልልኝ" አልኩት። ቦቲ አላልኩም። በናጊሳ ስም፣ አላልኩም!

መጣ። ቁራ። ዝናብ። ግራ እግሩ ላይ ቀይ ቦቲ። አንድ ብቻ።

"አጋጣሚ ይሆናል... ስንት ሚሊዮን ስዕል አለ" አለ ኮሄይ። ዓይኑን ግን ከቦቲዋ ላይ አላነሳም። እሱም ያውቃላ። ናጊሳ ትንሽ ልጅ ሳለች አንዱን ቦቲዋን ወንዝ ወሰደባት፤ እሷ ግን ቁራ ነው የወሰደው ብላ ድርቅ አለች። አባቷ ካለፈ ወዲህ ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

መጋቢት 12

ኮሄይ ከመሄዱ በፊት "ገጹን ልቆልፈው? አንቺ ትገቢያለሽ፣ እነሱ አይገቡም" አለኝ።

ቆልፈው አልኩት። የልጄን እጅ ሌላ ሲያንቀሳቅሰው ማየት አልችልም።

መጋቢት 17

ቁጥሩ በቀን አንድ ሆነ። እኔ። ቤቱ ጭር አለብኝ። ማሽን መሆኑን እያወቅኩ ናፈቀኝ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ሻዩን አሁንም ሁለት እቀዳለሁ።

ሚያዝያ 2

ዛሬም አንድ።

ግንቦት 18

የሰፈሩ ማስታወቂያ ደረሰኝ። "ዝናቡ ሳይገባ የየደጃችሁን ቦይ ጥረጉ" ይላል። ከሥሩ ስዕል አለ። ቁራ። ግራ እግሩ ላይ ቀይ ቦቲ።

ወረቀቱን ይዤ የሰፈሩ ሊቀመንበር አቶ ኩራታ ቤት ሄድኩ። ጫማዬን በደንብ እንኳ አላጠለቅኩም።

"ይህን ማን ሳለው?"

"ቆንጆ ነው አይደል እትዬ ቺዙሩ? ማንም አልሳለው። ኮምፒውተሩን አዘዝኩት፣ ሠራው።"

ማንም!

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ንዴቴ አስለቀሰኝ። አጥፍቶ አይደለም፣ አያውቅም። ማን ነግሮት ያውቃል? ስሟን እቤት ቆልፌ የኖርኩት እኔ።

ቤት ገብቼ ቀይ እስክሪብቶ ፈለግኩ። ከቁራው ሥር "የሳለችው ናጊሳ ናት" ብዬ ጻፍኩ። ማኅተሜን አጠገቡ መታሁ።

ዛሬ ደጃፍ ላይ ጥዬው አልተመለስኩም። አንኳኳሁ። ጎረቤቴ ሴኖ አምና ነው ወደ ሰፈሩ የገባችው፤ ከሰላምታ ያለፈ አውርተን አናውቅም። ወረቀቱን አነበበች።

"ናጊሳ ማናት?"

"ልጄ ናት።"

"ልጅ አለሽ እንዴ እትዬ? አይቻት አላውቅም እኮ።"

"ነይ፣ ላሳይሽ። ሻይ ቀድቻለሁ።"

ሁለተኛውን ሲኒ አቀረብኩላትና ገጹን ከፈትኩላት። ቁራዎቹን አንድ በአንድ አየች፣ ሳቀች፣ ዓይኗ ፎቶውና ሩዙ ላይ ሲያርፍ እጆቿን አጋጥማ ጎንበስ አለች። ከዚያ "ሌላኛው ቦቲ ግን የት ሄደ?" አለችኝ። ያ ሁሉ እንግዳ ሲመላለስ ይህን የጠየቀ አልነበረም። ነገርኳት። ከወንዙ ጀምሬ እስከ መጨረሻው፣ ያረፈችበትን ሆስፒታልም ጭምር።

ከሄደች በኋላ ልደፋ ብዬ ሁለተኛውን ሲኒ አነሳሁ። ባዶ ነው።