ጆሮ የማይሰማው ጫጫታ

ሰኞ፣ የካቲት 7። ጠዋት 3 ሰዓት
መብራት የለም። የድምፅ ማጉያዬን አቧራ እየጠረግሁ ነው። ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ሲደርስ ጭድ ውስጥ ቀብሬ ያተረፍኩት እሱንና ሁለት ስፒከር ብቻ ነው። ማይኩ፣ ኮምፒውተሩ፣ የዘፋኟ የእትዬ ዘምዘም ያ ሁሉ ቅጂ ተዘርፏል። ዳዊት ግን ከአ.አ. አዲስ መቅጃ ይዞ መጣ። ሞያውን ያስተማርኩት እኔ! ትናንት ሐይቁ ዳር እትዬ ዘምዘምን ቀዳቸው አሉ። ጦርነቱ ለወሰደው ልጃቸው ያወጡትን አምባሰል። እኔ ስለምናቸው ግን ከልጄ ሞት ወዲህ አልዘፍንም ብለውኝ ነበር። ማስታወሻዬ፣ ቁርሴን ትቼ አቧራ ጠረጋዬን ቀጠልኩ።

ረቡዕ 9
ዳ. መጣ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቅጂውን ለአገሩ ሰው በአዳራሽ ሊያሰማ ነው፤ ማጉያዬን ይፈልጋል። በጆሮ ማዳመጫ አሰማኝ። ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል። ከጀርባ ሽሽ የሚል ነገር የለም። የኔ ቅጂ ሁሌም ከኋላው ዝናብ ያለ ይመስል ነበር። ማጫወቻው ላይ ያለውን ማጣሪያ፣ ድምፅ ያበላሻል ብለው አ.አ. ስለነገሩት፣ አጥፍቶታል። እሺ ውሰድ አልኩት፣ ፈገግ ብዬ። ፋይሉን ትቶልኝ ሄደ።

ሐሙስ 10። 8 ሰዓት
መብራት መጣ። በእህቴ ላፕቶፕ ፋይሉን ከፍቼ የድምፁን ሥዕል አየሁ። አገኘሁለት! ጫጫታው አልጠፋም። መቅጃው ከምንሰማበት ጠርጎ ወደ ላይ፣ የሰው ጆሮ ወደማይደርስበት ከምሮታል። ቤት ጠርጎ ጥራጊውን ቆጥ ላይ እንደማውጣት። የአሠራሩ ዘዴ ነው፤ ሲያጫውቱት ማጣሪያው ከላይ ያለውን ይቆርጠዋል። እሱ ደግሞ ማጣሪያውን አጥፍቷል! እንዲህ ከተጫወተ ማጉያዬ ይግላል፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ትቃጠላለች።
ልንገረው? አልነግረውም። ሰው ፊት ይፈር። ንብረቱ የኔ ነው፤ ይቃጠል። ምን ነካኝ ግን?

ዓርብ 11። አመሻሽ
አልነገርኩትም። አዳራሹ ሞልቷል። እትዬ ዘምዘም ከፊት ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ድምፃቸው ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እኔ የማጉያውን ጀርባ በእጄ እነካለሁ። ጋለ። ከዚያ ፈጀኝ፤ የላስቲክ ሽታ መጣ። ከኔ በቀር ያወቀ የለም። ዘፈኑ ውስጥ የልጃቸውን ስም ሊጠሩ ሲሉ አላስቻለኝም፣ ማጉያውን አጠፋሁት።
ሰው አጉረመረመ። ዳ. አፈጠጠብኝ። እትዬ ዘምዘም ቀስ ብለው ተነሥተው መጡ።
«ምነው የኔ ልጅ፣ ቀናህ እንዴ?»
ስለ ግለቱ፣ ስለ ማጣሪያው ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ሁሉም እውነት ነው። ተውኩት።
«አዎ እትዬ፣ ቀናሁ።»
ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።
«አብሽር። በል አሁን ልጄን አሰማኝ።»
ማጣሪያውን አበራሁ። ማጉያው እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ከመጀመሪያው አስጀመርኩላቸው። ስሙ ላይ ሲደርሱ አለቀስኩ። አሁንም ግን፣ ማስታወሻዬ፣ ያንን ድምፅ እኔ ቀድቼው ቢሆን እላለሁ።